የማቴዎስን ሕማማት በስንት ሰው እንስማ? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

መጋቢት ሲጠባ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ መምጣት ይጀምራል። «ያ የምትወጂው የባኽ ሕማማት በከተማችን አምስት ቦታ ሊቀርብ ነው። የትኛውን ልያዝ?» (ባኽ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ሕማማቱ ደግሞ የኢየሱስን መከራና ሞት ከማቴዎስ ወንጌል ወስዶ በዜማ የሚተርክ ሥራው ነው።) ከሥሩ የአምስት ማስታወቂያ ፎቶ ይከተላል። አንዱ ትኬት 18 ዩሮ ነው፣ ሌላው 95። አንዱ ጋ መቶ ምናምን ሰው ይዘምራል፣ ሌላው ጋ ስምንት። አንዱ «በዘመኑ መሣሪያዎች» ይላል። አንባቢው «የትኛው ዘመን?» ብሎ እዚያው ይቀራል።

ጀርመን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ በሁሉም ዓይነት ሰምቼዋለሁ። ከምሰሶ ኋላ ተደብቄ የሰማሁበትም አለ፣ እመጣበታለሁ። የመሪዎች ስም ዝርዝር ግን አልሰጣችሁም። ስመ ጥር መሪ ያልሆነ ቦታ ላይ ሲገኝ ያንቀላፋል፤ ማንም የማያውቀው የሰፈር መዘምራን በልኩ ቤት ውስጥ ያስለቅሳል። ስለዚህ «ማን ነው?» የሚለውን ወደ ኋላ አድርጉት። መጀመሪያ «ስንት ሆነው ነው የሚዘምሩት? የትስ ነው?» በሉ።

ስለ ሥራው ትንሽ

ባኽ ከ1723 እስከ ሞተበት 1750 ላይፕሲግ ውስጥ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ኃላፊ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የማቴዎስን ሕማማት መጀመሪያ ያሰማው በ1727 የስቅለት ዕለት ነው። መሠረቱ ማቴዎስ 26 እና 27 ነው። አንድ ቴኖር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ወንጌላዊ ሆኖ ይተርካል፤ አንድ ባስ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ) የኢየሱስን ቃል ይዘምራል። ሕዝቡንም፣ ደቀ መዛሙርቱንም፣ የካህናት አለቆቹንም የሚሆኑት መዘምራኑ ናቸው። መዘምራኑም ኦርኬስትራውም ሁለት ሁለት ናቸው፤ ግራና ቀኝ ሆነው ይቀባበላሉ። ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ ባሉበት ማኅሌት ያደረ ሰው ይሄ ብዙም አይገርመውም።

በትረካው መሃል ብቸኛ ዘማሪ ይነሳና በሰማው ነገር ላይ ያለቅሳል፣ ይጸጸታል፣ ይማጸናል። እነዚህ ግጥሞች ከወንጌሉ ውጪ የተጻፉ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላው 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ድሮ በሁለቱ ክፍሎች መሃል ስብከት ነበረበት። ዛሬ ቡና አለ።

መለኪያዬ፦ ሦስት ቦታዎች

አንድን ዝግጅት የምመዝነው በሦስት አጫጭር ቦታዎች ነው። ሦስቱም ተደምረው ሁለት ደቂቃ አይሞሉም።

የመጀመሪያው ማቴዎስ 26፥22 ነው። ኢየሱስ «ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል» ይላል። ደቀ መዛሙርቱ ይደነግጡና «ጌታ ሆይ፥ እኔ እሆንን?» ማለት ይጀምራሉ። ባኽ ይህችን የጻፋት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየገባ፣ ሁሉም እየተሻማ ይጠይቃል። «ጌታ ሆይ» የሚለው ቃል ግን አሥራ አንድ ጊዜ ነው የሚነሳው። ደቀ መዛሙርቱ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዝም ብሏል። ይሁዳ የሚጠይቀው በኋላ ብቻውን ነው፣ ቁጥር 25 ላይ። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ በየዝግጅቱ በጣቴ እቆጥራለሁ። መቁጠር ከቻልኩ ቃሉ ይሰማል ማለት ነው። ካልቻልኩ መዘምራኑ ለቤቱ በዝተዋል፣ ወይም ቤቱ ለመዘምራኑ በጣም ያስተጋባል።

ሁለተኛው 27፥21 ነው። ጲላጦስ ከሁለቱ ማንን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ሁለቱ መዘምራን አንድ ላይ አንድ ቃል ይጮኻሉ፦ «በርባንን!» ዜማ የለውም። ጆሮ የሚሰነጥቅ አንድ ድምፅ ነው፤ ወዲያው ያበቃል። እዚህ ጋ ጥራት አልፈልግም። መደንገጥ ነው የምፈልገው።

ሦስተኛው 27፥46 ነው። በሥራው ሁሉ ኢየሱስ በተናገረ ቁጥር ቫዮሊኖቹ ከሥር ረጅምና ለስላሳ ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ እንዳለው ብርሃን ማለት ነው። «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ሲል ግን ያ ብርሃን የለም። ባኽ ቫዮሊኖቹን ዝም አሰኝቷቸዋል። ይህ ዝምታ የሚሰማው ግን ከዚያ በፊት ቫዮሊኖቹን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ብቻ ነው። የመሣሪያው ዓይነት እዚህ ጋ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ከእነዚህ ቀጥሎ ሁለት የተራ ሰው መለኪያዎች አሉ፦ ወንበሩና ኪሳችሁ። ሦስት ሰዓት ያህል በእንጨት አግዳሚ ላይ፣ ያውም በሚያዝያ ብርድ፣ ቀልድ አይደለም። ስቅለት ስንሰግድ ስለምንውል እንችለዋለን ትሉ ይሆናል። ስትሰግዱ ቢያንስ ትንቀሳቀሳላችሁ።

አንደኛ፦ ትልቅ መዘምራን ከዘመናዊ ኦርኬስትራ ጋር

ከ80 እስከ 150 ዘማሪ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ፣ ትልቅ አዳራሽ። ይህ ልማድ ባኽ ራሱ ያመጣው አይደለም። ባኽ ከሞተ በኋላ ሕማማቱን ከላይፕሲግ ውጪ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር። በ1829 ፌሊክስ ሜንደልሶን የሚባል የ20 ዓመት ወጣት በርሊን ውስጥ ከ150 በላይ ዘማሪ አሰልፎ፣ ብዙ ቦታ ቆርጦ አቀረበው። ከተማው ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ የመዘምራን ቁጥር እየጨመረ ሄደ።

የባኽ ዘመነኛ በሆነው በሄንደል «መሲሕ» ላይም የደረሰው ይኸው ነው። በ1754 ለንደን ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሲቀርብ የተያዘው የክፍያ መዝገብ ዛሬም አለ፤ መዘምራኑ 19 ያህል፣ የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ደግሞ ወደ 40 የሚጠጉ ነበሩ። ልብ በሉ፣ ተጫዋቹ ከዘማሪው ይበዛል። በ1784 ዌስትሚንስተር ውስጥ የሄንደል መታሰቢያ ሲደረግ ግን ጠቅላላው 500 ገደማ ደረሰ። በቀጣዩ መቶ ዓመት ሺህ ቤት ገባ።

«በርባንን!» የሚለው በዚህ መልኩ ሲቀርብ አቻ የለውም። መቶ ሃያ ሰው በአንድ ቅጽበት ሲጮህ ወንበራችሁ ይሰማዋል። መክፈቻው ላይ ከሁለቱ መዘምራን በላይ ሦስተኛ ሆኖ የሚገባውን የ«እግዚአብሔር በግ» መዝሙር ብዙ ጊዜ የሕፃናት መዘምራን ይዘምሩታል፤ እሱም ልብ ይነካል። አዳራሹ ሞቃት ነው፣ ወንበሩ ስፖንጅ አለው፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው። እነዚህን አትናቁ።

አሥራ አንዱ ጥያቄ ግን ይጠፋል። መቶ ሃያ ሰው ሲጠይቅ የሚሰማው ጉርምርምታ ነው፤ ደቀ መዛሙርት ሳይሆን ሰልፍ። ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ ይጎተታል። ኦቶ ክሌምፐረር የሚባለው የኦርኬስትራ መሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባስቀረጸው ላይ የመክፈቻው መዝሙር ብቻ ወደ 12 ደቂቃ ይወስዳል። በጥንት መሣሪያ የሚጫወቱት ያንኑ በ7 ደቂቃ ገደማ ይጨርሱታል። እኔ የክሌምፐረርን አልጠላውም። እንደ ቀብር ሰልፍ ዝግ ብሎ ሲጓዝ የራሱ ክብደት አለው። ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው ግን አልመክርም።

ሁለተኛ፦ ትንሽ መዘምራን ከጥንት መሣሪያዎች ጋር

ማስታወቂያው ላይ «በዘመኑ መሣሪያዎች» የሚለው ይሄንን ነው። ዘመኑ የባኽ ዘመን ነው። ዘማሪዎቹ ከ16 እስከ 40 ይሆናሉ። ይህን መንገድ ካስጀመሩት አንዱ ኒኮላውስ ሃርኖንኩር ነው። ቪየና ውስጥ ከባለቤቱና ከጓደኞቹ ጋር ቡድን ያቋቋመው በ1953 ነበር። ዛሬ በየአገሩ አለ። በ1990 ጃፓን ውስጥ የተቋቋመ ቡድን የባኽን የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎች (ለዘማሪና ለመሣሪያ የተጻፉ አጠር ያሉ ሥራዎች) ከ1995 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቀርጿል። የአውሮፓውያን ብቻ ነው የሚል ካለ እሱን ይስማ።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ ቅኝቱ። ዛሬ ኦርኬስትራ የሚቃኘው «ላ» የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲነዝር ሆኖ ነው፤ እነዚህ በ415 ይቃኛሉ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ክሩ። የዛሬ ቫዮሊን ብረት ነክ ክር ነው ያለው። የእነዚህ ከበግ አንጀት የተሠራ ነው።

እዚህ ጋ እትዬን ላስገባ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። የፈረንጆቹ ስቅለት በእኛ ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው፤ እንደ 2025ቱ አንድ ላይ ካልሆነ በቀር ይቀድማል። እና ትኬት ሳሳያቸው፦

«በጾሙ ዘፈን ቤት ልትወስጂኝ ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እትዬ። የሚዘመረውም ማቴዎስ ነው።»

«ሙሉውን?»

«ሁለት ምዕራፍ።»

መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። የመጀመሪያውን ክፍል ዝም ብለው ሰሙ። በሁለተኛው ክፍል የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ሲሸከም፣ ቪዮላ ዳ ጋምባ የሚባል መሣሪያ ብቻውን ተነሳ። በጉልበት መሃል ተይዞ በደጋን የሚጫወቱት ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት የአንጀት ክር አለው። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ከሥር ይንዘረዘራል። እትዬ ክንዴን ያዝ አደረጉና «ይሄማ የበገና ዘመድ ነው» አሉ። ትክክል ናቸው። በገናም አሥሩ ክሩ ከበግ አንጀት ነው፤ የሚንዘረዘረው በእንዚራው (ከክሩ ሥር በምትገባው ቆዳ) ቢሆንም ያ የቆዳና የጅማት ጠረን ያለበት ድምፅ አንድ ነው። የብረት ክር ያለው ቼሎ ይህን ቢጫወት ኖሮ ያምራል፤ እትዬ ክንዴን ግን አይዙም ነበር።

«ኤሎሄ» ላይ ቫዮሊኖቹ ዝም ሲሉም በግልጽ የሚታወቀው በዚህ ዓይነቱ ነው። የአንጀት ክር ድምፁ ቀጭንና እስትንፋስ ያለው ስለሆነ ሲጠፋ ቤቱ የቀዘቀዘ ይመስላል። አሥራ አንዱም ይቆጠራል፤ ቢያንስ እስከ ስምንት ወይም ዘጠኝ ደርሼ አውቃለሁ።

ችግሩስ? የአንጀት ክር ሙቀትና እርጥበት አይወድም። የሰው ትንፋሽ ቤቱን ሲያሞቀው ቅኝቱ ይዛባል። በየመሃሉ ቆም ብለው ሲቃኙ ታያላችሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ጓደኛዬ አንዴ «ገና አልጀመሩም እንዴ?» ብሎኛል፤ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ሌላው፣ «የጥንት መሣሪያ» የሚለው ቃል ብቻውን ጥራት አይደለም። ተጣድፎ የሚሮጥ፣ ሁሉን ነገር እንደ ጭፈራ የሚያደርግ ቡድንም አለ። ትኬቱ ደግሞ ስሙ የወጣ ቡድን ከሆነ ኪስ ያራቁታል።

ሦስተኛ፦ ለአንድ ድምፅ አንድ ሰው

በ1981 ጆሹዋ ሪፍኪን የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛና ተመራማሪ ሙያው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያናደደ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። ባኽ ይጽፋቸው የነበሩ የዘማሪ ወረቀቶች ዛሬም በብዛት አሉ። ለአንድ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ የሶፕራኖ (ከፍተኛው ድምፅ)፣ አንድ የአልቶ (ከሱ ዝቅ ያለው)፣ አንድ የቴኖር፣ አንድ የባስ ወረቀት ነው። ታዲያ ሦስት ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ ተደርቦ ነበር የሚዘምረው ወይስ አንድ ልጅ ብቻ? ሪፍኪን «አንድ ብቻ» አለ፤ በዚያው ሰሞንም የባኽን የቢ ማይነር ቅዳሴ የሚባለውን ሌላ ትልቅ ሥራ በዚያው መንገድ አስቀረጸ።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ባኽ ራሱ በ1730 ለከተማው ምክር ቤት በጻፈው ማመልከቻ ለአንድ መዘምራን ቢያንስ 12፣ ቢቻል 16 ዘማሪ ያስፈልጋል ይላል። እዚያው ላይ ያሉትን ተማሪዎች ሲቆጥር 17ቱ ይሆናሉ፣ 20ዎቹ ገና ናቸው፣ 17ቱ ጨርሶ አይረቡም ብሎ ጽፏል። ዛሬ ቢሆን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈው ነበር። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም።

ለእኛ ለአድማጮች ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይጥማል ወይ? የማቴዎስ ሕማማት በዚህ መንገድ ሲቀርብ ስምንት ሰው ሁሉንም ነገር ይዘምራል። ወንጌላዊው ራሱ ተርኮ ሳይጨርስ ከሕዝቡ ጋር ይጮሃል። ኢየሱስ የሆነው ባስ «ይሰቀል» ከሚሉት አንዱ ይሆናል። መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገባኝ። ቆይቶ ግን ይሄ ነገር ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ፣ ከሌላው ሁሉ በላይ ያንቀጠቀጠኝ እሱ ነው።

በአካል ተገኝቼ አሥራ አንዱን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የቆጠርኩት እዚህ ብቻ ነው። እያንዳንዱ «እኔ እሆንን?» የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ አንዷ ትፈራለች፣ አንዱ ይቆጣል። «በርባንን!» ግን በቦታው ይወሰናል። 200 ሰው በሚይዝ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስምንት ሰው ሲጮህ ፊታችሁ ላይ ነው። 2000 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ያው ስምንት ሰው ትንኝ ነው። ስለዚህ ይህን አማራጭ ስትመርጡ አዳራሹን ሳታጣሩ አትክፈሉ። ትልቅ ከሆነ ዝለሉት።

አራተኛ፦ የወንድ ልጆች መዘምራን

በባኽ ጊዜ ላይፕሲግ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴት አትዘምርም ነበር። ሶፕራኖና አልቶውን የሚዘምሩት ልጆች ናቸው። የቶማስ ቤተ ክርስቲያን የልጆች መዘምራን በ1212 የተመሠረተ ሲሆን ዛሬም አለ። ድምፁ የአዋቂ ሴት ድምፅ አይደለም፤ ቀጥ ያለ፣ የማይርገበገብ፣ አንዳንዴም የሚንሸራተት ነው። ልጅ ነው፣ ይደክመዋል። ማራኪነቱም እሱ ነው።

በትምህርት ጊዜ አርብ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ። የሚከፈለው ጥቂት ዩሮ ነው። ጸሎትም አለው፣ ኮንሰርት ብቻ አይደለም፤ ሰው ካላጨበጨበ አታጨብጭቡ። ዘማሪዎቹ ፎቁ ላይ ከኦርጋኑ አጠገብ ስለሚቆሙ ታች ዋናው ክፍል የተቀመጠ ሰው ብዙም አያያቸውም። ፊት ለፊቱ የሚያየው ከ1950 ጀምሮ እዚያ ያረፈውን የባኽን መቃብር ነው። ሕማማቱን የሚያቀርቡት በሰሞነ ሕማማት ሲሆን ያ ትኬት ቶሎ ያልቃል። በዕረፍት ጊዜያቸው አትሂዱ፤ ሌላ እንግዳ መዘምራን ነው የሚጠብቃችሁ።

አምስተኛ፦ የሰፈር ቤተ ክርስቲያን መዘምራን

ጀርመን ውስጥ የሚበዛው ይሄ ነው፤ ብዙ ሐበሻም የማያውቀው ይሄው ነው። ፋርማሲስቷ፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ የባንኩ ሰውዬ በሳምንት አንድ ማታ እየተለማመዱ ይቆዩና ለስቅለት ሰሞን ያቀርቡታል። ብቸኛ ዘማሪዎቹና የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ተከፍሏቸው የሚመጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዳንዴም የጥንት መሣሪያ ይዘው ነው የሚመጡት። እኔ ባለሁበት ከ15 እስከ 40 ዩሮ ነው።

አሥራ አንዱ አይቆጠርም፤ አልቶዎቹ ዘግይተው ይገባሉ። «በርባንን!» ላይ ግን ሁሌ መድኃኒት የምትሰጠኝ ሴትዮ አፏን ከፍታ ስትጮህ አየሁ። ሰኞ ስሄድ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ይህን ምንም ስመ ጥር ቡድን አይሰጣችሁም።

ምሰሶውም እዚህ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን 22 ዩሮ ከፍዬ ያገኘሁት ወንበር ከሁለት ሰው አቀፍ ድንጋይ በስተኋላ ነበር። ትኬቱ ላይ አልተጻፈም። ስጠይቅ «ይሰማል እኮ» ተባልኩ። መስማቱስ ይሰማል፤ ግን ከኋላው ግድግዳ ተመልሶ፣ ግማሽ ቃል ዘግይቶ ነው። ጥሩ የሙዚቃ አዳራሽ ድምፅን 2 ሰከንድ ገደማ ያቆያል፤ ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከምሰሶ ኋላ ደግሞ የሚደርሳችሁ ያ ቀሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የትም ተቀመጡ። ትልቅ ከሆነ ከፊት አንድ ሦስተኛው ውስጥ ካልሆነ ተዉት።

ስድስተኛ፦ ቤት

በ1921 የተመሠረተው የኔዘርላንድስ የባኽ ማኅበር የባኽን ሥራዎች በሙሉ በቪዲዮ እየቀረጸ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። የማቴዎስ ሕማማትም አለ። በጆሮ ማዳመጫ አሥራ አንዱ ይቆጠራል። በርባንን ግን በስልክ አይሆንም፤ ጣታችሁ ድምፁን ለመቀነስ ይሮጣል።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ዘማሪ | «እኔ እሆንን?» | «በርባንን!» | «ኤሎሄ» | ወንበር | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ትልቅ መዘምራን፣ ዘመናዊ ኦርኬስትራ | 80–150 | ይጠፋል | አቻ የለውም | ደህና | ምቹ | መካከለኛ እስከ ውድ |
| ትንሽ መዘምራን፣ የጥንት መሣሪያ | 16–40 | ጥሩ | ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ | እንደ ቦታው | ውድ |
| ለአንድ ድምፅ አንድ ሰው | 8 | ሙሉ በሙሉ | በትንሽ ቤት ብቻ | በጣም ጥሩ | እንደ ቦታው | መካከለኛ |
| የወንድ ልጆች መዘምራን | በዛ ያለ | መካከለኛ | ጥሩ | ደህና | እንጨት | በሳምንታዊው በጣም ርካሽ፣ ለሕማማቱ ውድ |
| የሰፈር መዘምራን | 40–80 | ይምታታል | ከልብ ነው | በተጫዋቾቹ | እንጨትና ብርድ | ርካሽ |
| ቤት፣ ቪዲዮ | – | ሙሉ በሙሉ | አይሆንም | በጥሩ ማዳመጫ | ሶፋ | ነጻ |

ታዲያ ለእናንተ የቱ ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ገንዘቡም ካለ፣ ሁለተኛውን ያዙ። ቦታው ከ1000 ሰው በታች የሚይዝ ይሁን። ገንዘቡ ከሌለ መጀመሪያ በቪዲዮ ግማሹን እዩ፤ ከዚያ ለሰፈር መዘምራኑ 20 ዩሮ ክፈሉ። ሁለቱ ተደምረው ከ95 ዩሮው ይበልጣሉ ባይ ነኝ።

እናንተ ራሳችሁ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ የምትዘምሩ ከሆነ ሦስተኛውን ሳታዩ አትቅሩ። አልቶ ከሆናችሁ በተለይ። አልቶ ብቻዋን ስትቆም ምን ያህል ሥራ እንዳለባት ያኔ ነው የሚገባው።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ማቴዎስን ለጊዜው ተዉት። ከበሮና ትራምፔት የለበትም፤ ልጅ ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። በታኅሣሥ የሚቀርበውን የባኽን የገና ኦራቶሪዮ (የገናን ታሪክ የሚዘምር ሥራ) ጠብቁ፤ በከበሮ ነው የሚጀምረው። ስድስት ክፍል ቢኖረውም ብዙ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ያቀርባል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ያልቃል። የሰፈሩ መዘምራን ለዚህ በቂና ከበቂ በላይ ናቸው።

እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በየአዳራሹ የምታገኙት የሄንደልን መሲሕ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ይቀላል። ለንደን ውስጥ በሮያል አልበርት አዳራሽ ከ1876 ጀምሮ በስቅለት ዕለት ይቀርባል። እሱ ትልቁ ዓይነት ነው፤ አዳራሹ ከ5000 ሰው በላይ ይይዛል። «ሃሌ ሉያ» ላይ ሰው ሁሉ ብድግ ሲል እናንተም ተነሱ፣ የቆየ ልማድ ነው። ትንሹን ዓይነት የፈለገ ግን በዚያው ሰሞን ትናንሽ ቤተ ክርስቲያኖችን ይፈልግ።

ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ዘማሪ፣ ስንት መቀመጫ፣ ምሰሶ አለ ወይ። ከሁለት ዘማሪ ብዛት መካከል ከተቸገራችሁ አነስ ያለውን ውሰዱ። ማየት ካላስፈለጋችሁ አንዳንድ ቦታ «መስማት ብቻ» የሚባል ርካሽ ወንበር ይሸጣል። ፊት ለፊት ዳር ላይ ከሆነ ውሰዱት፤ ኋላ ከሆነ አትውሰዱ።

ለቋንቋው አትጨነቁ። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ሂዱ። ወንጌላዊው ሲተርክ ቁጥሩን በጣታችሁ ተከተሉ። መሣሪያ ብቻውን ሲነሳ ጣታችሁን ባለበት አቁሙና ጠብቁ። ጴጥሮስ ወጥቶ መራራ ልቅሶ ካለቀሰ በኋላ፣ 26፥75 ላይ፣ ጣታችሁ ረጅም ጊዜ ይቆማል። አንድ ቫዮሊንና አንዲት አልቶ ናቸው።

እትዬ ጣታቸውን እዚያው አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለፈው የካቲት ደወሉልኝ፤ ሰላምታ ሳንጨርስ ጠየቁኝ። «ያቺ የበገና ዘመድ ዘንድሮም አለች?»